በአጥር የምንዋሰው መብራት

«አውጣው አልኩ። ግድግዳው የኔ ነው፣ ሳጥኑ ያንተ ነው። ያንተን አውጣ።»

«ካወጣሁት የድሮውን ገመድ ልንመልስ ነው እማማ?»

«የድሮው ገመድ ምን አደረገህ?»

የድሮው ገመድ የአከራዬን ፍሪጅ አቃጥሏል፤ እጃቸውንም ሊያቃጥል ትንሽ ነበር የቀረው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ቆመናል፤ እሳቸው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ እኔ ካቻቢቴ እንደያዝኩ። ከጀርባቸው ያለችው ሳጥን መሃሏ ላይ አንድ ጥቁር እጀታ አላት። እጀታዋ ወደ ላይ ስትሆን ቤቱ የራሱን መብራት ይጠቀማል፤ ወደ ታች ስትሆን ከአጥር ማዶ የሚመጣውን የጎረቤት መብራት። የዚያን ቀን የእኛ ከረፋዱ ጀምሮ ጠፍቷል። የጎረቤታችን ሬዲዮ ግን አጥሩን አልፎ ይሰማል፤ እነሱ ጋ አለ ማለት ነው። እጀታዋን ወደ ታች መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። አከራዬ የቆሙት ግን እንዳልደርስባት ነው።

ሴት ልጅ መሆኔን ያውቃሉ። አፋቸውን የፈቱት በበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን የለመዱት ከገበያ ስለሆነ ለእኔም፣ ለድመቷም፣ ለጎረቤቷም በወንድ ነው የሚያወሩት። መጀመሪያ አካባቢ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ግን «አንተ» ሲሉኝ ካልሰማሁ ቀኑ የጎደለ ይመስለኝ ጀመር።

ክፍሌ ውስጥ ሥራ ቆሟል። በማግስቱ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ መጫን ያለባቸው የቀርከሃ አባዡሮች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ሳላበራው፣ በርቶም እስኪሞቅ ሳልጠብቀው፣ ሞቆም ቀርከሃውን በእጄ ሳልዳስሰው የምልከው አባዡር የለም። ይህን ነገርኳቸው። ደንበኛ ይጠብቃል አልኳቸው። «ደንበኛ» የምትለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ሳጥን መጣ፣ ሰው ሄደ» አሉኝ።

ከሳጥኗ ፊት አልተነቃነቁም። ሬዲዮው ብቻ ያወራል።

አሶሳ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሁልጊዜ ለሁሉም አይጠፋም። በየመንገዱ ያለው ምሰሶ ሦስት መስመር ተሸክሟል፤ ፌዝ እንላቸዋለን። አንዱ ቤት ከአንዱ ፌዝ፣ አጠገቡ ያለው ከሌላው ይቀጠላል። ስለዚህ አንዱ ፌዝ ሲሄድ እኔ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ የጎረቤቴን ቴሌቪዥን ልሰማ እችላለሁ። ለዚህ ሰፈሩ መላ ካበጀ ቆይቷል፦ በሁለቱም ጫፉ ስፒና የታሰረለት ረጅም ገመድ። አንዱ ጫፍ መብራት ባለበት ቤት ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ሌላው በአጥር ላይ ተሻግሮ መብራት በጠፋበት ቤት ሶኬት ላይ። ቤቱ በሙሉ በዚያች በአንዲት ሶኬት በኩል ይበራል።

አደገኛ ነው። ገመዱ ከመሰካቱ በፊት የተቀባዩ ቤት ዋና ብሬከር ዝቅ ማለት አለበት። የራስ መብራት ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ ገመዱ ይነቀላል፣ እሱም በሰጪው ቤት በኩል፤ ብሬከሩ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው ወይ ሁለት ፌዝ ያጋጫል፣ ወይ ኤሌክትሪክ ያለበትን የስፒና ጥርስ በባዶ እጁ ይይዛል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከስልኬ ነው፤ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ የተበላሸ ዲቫይደር እየፈታሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም።

ገመዱ ግን ብቻውን አይመጣም ነበር። ይዘውት የሚመጡት ጎረቤታችን ናቸው፤ በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ መጥተው ዕድሜያቸውን እዚህ የኖሩ፣ አነጋገራቸው ግን ዛሬም ወሎ የቀረ ሴትዮ። የእኛ ፌዝ በሄደ ቁጥር ጫፉን እንደ እባብ አንገት ከፍ አድርገው ይዘው በበሩ ይገባሉ። ብሬከሩን እሳቸው ያወርዳሉ፣ እሳቸው ይሰካሉ፣ ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረው ቤታቸው ለቀረው ሰው «ስካው!» ይላሉ። አከራዬ ገመዱን ስለሚፈሩት እስኪበራ ጓሮ ቆመው ይጠብቃሉ። ሲበራ ወንበር ያወጣሉ። መብራት ይዞ የመጣ ሰው ሳይቀመጥ መመለስ ነውር ነው። ከፍሪጅ የቀዘቀዘ ከርከዴ ይቀዳል፤ የእኛ መብራት እስኪመለስ ጎረቤታችን አይነሱም፣ አንዳንዴ ከተመለሰም በኋላ።

«ያንተ መብራት ቢጫ ነው» ይላሉ አከራዬ አምፖሉን ቀና ብለው እያዩ። «የኔ ነጭ ነው።»

«ቢጫ ከሆነ ልንቀለዋ።»

«አይ፣ በርቷል፣ ተወው።»

«ምነው እቴ፣ መብራቴን እየሞቅሽ ታሚኛለሽ አንች ሴትዮ?»

አከራዬ አልተሳሳቱም። ቀጭን ገመድ ሲረዝም ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ማዶ የሚደርሰው የደከመ መብራት ነው። ይህን ከክፍሌ ሆኜ ላስረዳቸው ስሞክር ጎረቤታችን በእጃቸው አስቆሙኝ። እሱን ለስልክሽ ንገሪው፣ እኛን አታበላሽብን አሉኝ። ከዚያ እንደልማዳቸው ሥራዬን አስጥለው ጠሩኝ። «ነይ ውጪ አንች ልጅ፣ ከቀርከሃ ጋር ስትታገይ ሊመሽብሽ ነው። ሰው ይይሽ።»

እኔም እወጣ ነበር። ሽቦዬን ይዤ ደፉ ላይ እቀመጥና ስለ ማንጎው፣ ስለ ዝናቡ፣ ካርቱም ስለቀሩት የአከራዬ ልጆች ሲያወሩ እሰማለሁ። ከድባጤ ከወጣን በኋላ የእኔ ቤተሰብ አንድ ቦታ ተሰብስቦ አያውቅም። እናቴ የምትኖረው ገነተ ማርያም፣ ከአጎቴ ጋር ነው፤ በስልክ ስናወራ መስመሩ የሚቆራረጠው ሁልጊዜ ቁም ነገሩ ላይ ነው። በቤታችን የምናወራው ሽናሽኛ ነበር። አሶሳ ላይ በዚያ ቋንቋ የማወራው ሰው ስለሌለኝ አንዳንድ ቃል አፌ ውስጥ ሲደክም ይታወቀኛል። የሁለቱ ሴቶች ወሬ የእኔ ቋንቋ አልነበረም፤ የሁለቱም አልነበረም እንኳ፤ አንዷ በገበያ አማርኛ፣ ሌላዋ በወሎ አማርኛ ነው የሚግባቡት። ለእኔ ግን ከሰው ጋር ያለሁባቸው ሰዓቶች እነሱ ነበሩ። ፌዝ የሚሄድበትን ቀን መጠበቅ እንደ ጀመርኩ የነገርኩት ሰው የለም።

ቀሪውን ሰዓት የምኖረው ከድምፅ ጋር ነው። ስልኬ ላይ ቻናል አለኝ፤ የምሠራቸውን አባዡሮች እያበራሁ ፎቶ አነሳና እለጥፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከየፎቶው ሥር ግጥም እጽፍ ነበር። ስለ አንዱ አባዡር፣ ቀርከሃ ሆዱ ባዶ የሆነው ብርሃን እስኪገባበት ቦታ ሲያቆይ ነው ብዬ ስጽፍ ከሥሩ የመጣው መልስ «ጽሑፉ ረዘመ፣ ዋጋ ንገሩን» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁመት፣ ስፋትና የአምፖል ዓይነት ብቻ ነው የምጽፈው፤ ግጥሙን ለራሴ አስቀራለሁ። አባዡር የገዛ ሰው ግን የቤቱን መብራት ችግርም ይዞ ይመለሳል። ማብሪያውን ስነካው ይነዝረኛል። አምፖሉ ጠፍቶም ጭል ጭል ይላል። ሶኬቱ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። ፎቶ ላኩልኝ እላለሁ። ፎቶው ውስጥ ሶኬቱ መሃል ላይ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ጠርዙ ላይ ነው፦ የአልጋ ልብስ ጫፍ፣ ካልሲ ያደረገ እግር፣ ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ የተለካ የልጅ ቁመት። የማላውቃቸውን ሰዎች ቤት ጥግ ጥጉን አውቀዋለሁ።

አንድ ጊዜ ከማንቡክ አንድ ሰውዬ የፍሪጁ እጀታ እንደሚነዝረው በድምፅ ላከልኝ። ከኋላው ብዙ ሰው ይስቃል፤ ድግስ ሳይኖር አይቀርም። ጫማ ሳታደርግ አትንካው፣ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርድ፣ ከዚያ ስፒናውን ነቅለህ ሦስተኛው ጥርስ ላይ የሚታሰረው ሽቦ መኖሩን እይ አልኩት። ሽቦው ተቆርጦ ነበር። የሚሠራለት ባለሙያ እስኪያገኝ ድረስ ፍሪጁን እንዳይሰካው አስጠነቀቅሁት። በሌላ ቀን አመስግኖ አንድ አጭር ድምፅ ላከ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ሁሉም እንደዚያ ናቸው። መብራታቸው ሲበራ እነሱ ይጠፋሉ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ችግሩ ሲያልቅ እኔን የሚፈልጉበት ምክንያት አብሮ ያልቃል።

ፍሪጁ የተቃጠለው ፀሐይ ባለበት ከሰዓት ነው። ጎረቤታችን እንደልማዳቸው መብራት አምጥተው፣ ተቀምጠው፣ እንግዳ መጣባቸውና ገመዱን እንደተሰካ ትተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ከመንገድ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። አከራዬ ከጓሮ ተነሥተው፣ ማንንም ላላስቸግር ብለው ይመስለኛል፣ ቀጥ ብለው ሄደው ብሬከሩን አነሡት። ገመዱ ገና ሶኬቱ ላይ ነበር። የሰማሁት ድምፅ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ የተጣለ ዓይነት ነው። ስደርስ ሶኬቱ ጠቁሯል፣ ፍሪጁ ከኋላው ይጨሳል። የእኛ ብሬከር ራሱ ወርዷል፤ ከማዶ የሚመጣው ግን እንዳለ ነው። አከራዬ ስፒናውን ነቅለው ጥርሱን ሊይዙት ሲሉ አንጓቸውን ያዝኩ። ያን ያህል አጥብቄ የያዝኩት የሰው እጅ ትዝ አይለኝም።

ያን ቀን ሁለቱም ሴቶች መላ በይ አሉኝ። እኔም ሳጥኖቹን አስመጣሁ፤ አንዷን ለእኛ፣ አንዷን ለጎረቤታችን። ከአጥሩ በላይ በቧንቧ ውስጥ አንድ የሚሄድ፣ አንድ የሚመጣ ወፍራም ገመድ ዘረጋሁ። ከዚያ በኋላ ፌዝ የሄደበት ቤት እጀታዋን ወደ ታች መጫን ብቻ ነው። እጀታዋ ሁለቱን መስመር በአንድ ጊዜ አታገናኝም፤ ሰው ቢሳሳት እንኳ ሳጥኗ አትሳሳትም። ስሠራ ቀርጬ ለጠፍኩት። እንደዚያ የታየልኝ ነገር የለም። በሁለት ጫፉ ስፒና ያለው ገመድ ለካ በየሰፈሩ ኖሯል፤ ሰው ሁሉ «የእኛም ቤት እንዲህ ነው» እያለ ጻፈልኝ። የአባዡሩም ትእዛዝ የበዛው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ስለዚያ ሳጥን ብጠየቅ መልሴ ያው ነው፤ ደግሜ እሰቅለዋለሁ።

ጎረቤታችን መጀመሪያ ሰሞን ሳጥኗን ሊያዩ መጡ። እጀታዋን ሽቅብ ቁልቁል እያደረጉ ሳቁ፤ ይሄማ የበር መቀርቀሪያ ነው አሉ። ከርከዴ ጠጡ። ከዚያ በኋላ የእኛ ፌዝ ሲሄድ ከማዶ «ጫኑዋት!» ብለው መጣራት ጀመሩ። ቆየና መጣራቱም ቀረ፤ ምን ያደርጋል፣ እኛው መጫን እንደምንችል ያውቃሉ። የተቀየሙት ነገር የለም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ጉንጬን ይስማሉ፣ አከራዬን ሰላም በይልኝ ይላሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ቤታቸው እንግዳ አያጣም፤ በአጥሩ ዞረው የሚመጡበት ጉዳይ ነው ያጡት። ዛሬ ነገ ለመምጣት ሲያስቡ ኖረው ሳይመጡ የሚቀሩ ይመስለኛል።

አከራዬ ደግሞ ፌዝ ሲሄድ እጀታዋን አይነኳትም። ወንበራቸውን በረንዳው ላይ ያወጣሉ፣ አንዳንዴም ሁለት ወንበር፣ ተቀምጠውም በሩን ያያሉ። እኔ ከክፍሌ ወጥቼ እጀታዋን እጭናለሁ፤ ይበራል፤ እሳቸው ሌላኛውን ወንበር ወደ ቤት ይመልሳሉ። ይህ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ እንጃ፤ የዚያን ቀን ግን ወንበር አላወጡም፤ ሄደው ሳጥኗ ፊት ቆሙ።

እንደዚያ ፊት ለፊት እንደቆምን አንድ መላ መጣልኝ። ሳጥኗ ትቅር፣ ከአጥሩ በላይ ያለውን ገመድ ግን ልፍታው አልኳቸው። ሳጥኗ ላይ የማይነዝር መሰኪያ እሠራለሁ፤ ከዚያ ጎረቤታችን እንደ ድሮው ገመድ ይዘው ካልመጡ መብራት አይኖርም። አደጋም የለውም፣ ሰውም ይመጣል። በራሴ ሐሳብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እጄ ወደ ቧንቧው ሳይቀር ተዘርግቷል።

አከራዬ አሰቡበት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎረቤትን «ጂራን»፣ ልጄን «ያ ቢንቲ» የሚሉት በዐረብኛ ነው።

«አይመጣም። ጂራን ለምዷል፣ ያ ቢንቲ። ሳይመጣ መስጠት ለምዷል። አሁን ገመድ ብትፈታ፣ 'ልጅ ለምን ፈታ?' ይላል። ይቀየማል።»

ልክ ነበሩ። ጎረቤትን ቀላሉን አስለምዶ ከባዱን መልሶ መጠየቅ በምን አፍ ይባላል? ካቻቢቴውን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ለራሴ ይዤው የኖርኩት ነገር ከአፌ ወጣ። «እኔስ አለሁ አይደል እማማ? እኔ እዚሁ ነኝ።»

በክፍሌ በር በኩል ወደ ውስጥ አዩ። አባዡሮቹ ወለሉ ላይ ናቸው። ስልኬ አልጋው ላይ ተገልብጦ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያም ይተኛል፤ ከዚያም ይንቀጠቀጣል።

«አንተ አለህ» አሉ፤ በቁጣ አልነበረም። «ጠዋት አየሁ፣ አንተ ከሰው ጋር ታወራለህ። ማታ አየሁ፣ ታወራለህ። ጆሮ ላይ ገመድ አለ። እኔ በር ላይ ቆምኩ፣ አንተ 'ብሬከር አውርድ' ትላለህ። እኔ ተመለስኩ።»

መቼ እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈለግሁ፤ ያልጠየቅኩት ብዙ ጊዜ ነው እንዳይሉኝ ነው። በሬ ላይ የቆመ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ ሰው ይመጣል ብዬ የምጠብቀው ከበረንዳው ማዶ ነበር፤ እሳቸው ግን የቆሙት ከበረንዳው ወዲህ።

አከራዬ ከሳጥኗ ፊት ፈቀቅ አሉ።

«ጫን» አሉኝ።

«ካልፈለጉ ይቅር።»

«ጫን። ደንበኛ ይጠብቃል።»

እጀታዋን ወደ ታች ጫንኳት። የበረንዳው አምፖል በራ፣ የአከራዬ ሳሎን በራ፤ ክፍሌ ውስጥ ደግሞ ሰክቼ የተውኳቸው አባዡሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ በሩና ግድግዳው የቀርከሃ ጥላ በጥላ ሆነ። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። የመጀመሪያውን አባዡር ዳሰስኩ፤ ገና አልሞቀም። ስወጣ አከራዬ ከሳሎናቸው ቢጫውን ቶባቸውን ተከናንበው፣ ወደ ሰው ቤት ሲሄዱ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ወጡ።

ወዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በአገጫቸው አጥሩን አሳዩኝ።

«ሄጄ 'መብራት አለ ወይ?' እላለሁ።»

«መብራቱማ በርቷል እማማ። ከእነሱ በርም ይታያል።»

«ይብራ።»

«አለ ካሉዎትስ?»

«እቀመጣለሁ» አሉ።

እኔም ልምጣ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ግን አባዡሮቹ በርተዋል፣ በርቶ የተተወ አባዡር ደግሞ አይታመንም፤ አንድ አንድ እያልኩ እስካጠፋቸው ትንሽ ጊዜ ያስፈልገኛል። ይጠብቁኝ ብል ይጠብቁኝ ነበር ይሆን? ቀና ስል ግቢውን አቋርጠዋል። ቶባቸውን በግራ እጃቸው ሰብስበው፣ በቀኛቸው መወርወሪያውን ሳቡ፤ ዞር ብለው አላዩም። ወጡ፤ የቆርቆሮው በርም ከኋላቸው ተዘጋ።